ወይን ቅምሻ በቤታችን፦ ከጓደኞች ጋር አንድ ቅዳሜ እንዴት ይዘጋጃል

ለመጀመሪያ ጊዜ ጓደኞቼን ለወይን ቅምሻ የጠራሁ ዕለት ቤቱን አጸዳሁ፣ ቄጠማ ጎዘጎዝኩ፣ ዕጣን አጨስኩ። እንግዳ ሲመጣ የሚደረገው እንዲህ ነው። ሰዎቹ ገቡ፣ ተቀመጡ፣ የመጀመሪያው ነጭ ወይን ተቀዳ። ሁሉም ብርጭቆውን ወደ አፍንጫው አስጠጋ። የሸተታቸው ዕጣን ነው። ሁለተኛውም ዕጣን፣ ሦስተኛውም ዕጣን። መስኮት ከፍተን ግማሽ ሰዓት ጠበቅን። ግን ዕጣን መጋረጃ ውስጥ ከገባ እዚያው ያድራል።

ከዚያ ወዲህ ኡራኤል አካባቢ ባለችው ቤቴ ደጋግሜ አዘጋጅቻለሁ። የገባኝ ነገር ይህ ነው፦ ቅምሻ ከለመድነው መስተንግዶ ሁለት ሦስት ነገር ለጥቂት ሰዓት እንድናቆይ ይጠይቃል። ዕጣኑን፣ ብርጭቆ ጢም አድርጎ መቅዳቱን፣ «በሞቴ» ብሎ መጨመሩን። በምትኩ የሚፈልገው ነገር ግን እኛ ጋ ሞልቷል። ተሰብስቦ መጫወት፣ ሽታን ከትዝታ ጋር ማገናኘት፣ ጣዕምን በራስ ቃል መጥራት። የፈረንሳይኛ ስም መሸምደድ አያስፈልግም። ውድ ጠርሙስም አያስፈልግም።

ቀንና ሰዓት

መጀመሪያ የጾሙን ካላንደር ተመልከቱ። ረቡዕና ዓርብ ይቅር። ሁዳዴ፣ ፍልሰታና የነቢያት ጾምም እንዲሁ። ግማሹ ጓደኛችሁ አይመጣም፤ የመጣውም ልቡ አይረጋም።

የሚመቸው ቅዳሜ ነው። ለ10 ሰዓት ጥሩ፣ 11 ሰዓት ላይ ጀምሩ። ሰው እስኪሰባሰብ ያችን አንድ ሰዓት ተዉለት። ቀደም ብሎ መጀመር ሦስት ጥቅም አለው። የወይን ቀለም በቀን ብርሃን ነው በደንብ የሚታየው። መብራት ቢጠፋም ቅምሻው አይቋረጥም። እሁድ ጠዋት ቅዳሴ የሚሄድም በጊዜ ቤቱ ይገባል።

ሰው ከስድስት እስከ ስምንት ይበቃል። ከዚያ ሲያልፍ ወሬው ለሁለት ለሦስት ይከፈልና ቅምሻው ድግስ ይሆናል። ድግስ ጥሩ ነገር ነው፤ ግን ሌላ ቀን ይሁን። የማይጠጡ ጓደኞቻችሁንም ጥሩ። በምን ምክንያት እንደማይጠጡ አትጠይቁ። ለእነሱ የሚሆን ሥራ ከታች አለ፣ እንዲያውም ከሁሉ የሚጣፍጠው ሥራ ነው።

ስትጋብዙ አንድ ነገር አደራ በሉ፦ ሽቶ እንዳይቀቡ። «ዛሬ አፍንጫችንን ስለምንፈልገው ነው» ብትሉ ማንም አይቀየምም።

ጠርሙሶቹን መምረጥ

አራት ወይም አምስት ዓይነት ይበቃል። ከዚያ በላይ ሲሆን ምላስ ይደክማል፤ ስድስተኛው ወይን ምንም ቢሆን እንደ አምስተኛው ነው የሚመስለው።

ወጪውን በመዋጮ አድርጉት። ግን «አንድ ወይን ይዘህ ና» ብቻ አትበሉ፤ አራት አንድ ዓይነት ጠርሙስ ሊመጣ ይችላል። ድርሻ ስጡ። አንዱ ነጭ ድራይ፣ አንዷ ቀይ ድራይ፣ ሌላው ጣፋጭ ቀይ ያምጣ። ከውጭ የገባ ወይን ዋጋው ስለሚከብድ አንድ ጠርሙስ ለሁለት ይገዛ።

ጠርሙስ ላይ የሚጻፈው «ድራይ» ብዙ ሰው ያደናግራል። ጠጅ ቤት ገብቶ የሚያውቅ ሰው ግን ነገሩን ያውቀዋል። ጠጅ ለስላሳ፣ መካከለኛ፣ ደረቅ ተብሎ ይጠየቅ የለ? ለስላሳው የማሩ ስኳር ገና ያለበት ነው። ደረቁ እርሾው ስኳሩን በልቶ የጨረሰበት ነው። ወይንም ያው ነው። ድራይ ማለት ደረቅ፣ ሚዲየም ስዊት ማለት መካከለኛ ነው። ከቀለም ጋር አይገናኝም፤ ነጩም ቀዩም ደረቅ ሊሆን ይችላል።

የአገራችንን ወይን በብዛት አስገቡ። የዋጋ ነገር ብቻ አይደለም። ትምህርት ቤት ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ እያልን ስንዘምር ያደግንበት «ወይና ደጋ» ውስጥ ወይን አለ። ደጋውም ቆላውም ያልሆነ፣ ወይን የሚስማማው አገር ማለት ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው ባቱ፣ የድሮዋ ዝዋይ፣ ከባሕር ወለል 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። የወይን ጠጅ አምራቹ የካስቴል እርሻ ያለው እዚያ ነው። የመጀመሪያ ጠርሙሶቹ ገበያ የወጡት እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። «ሪፍት ቫሊ» የሚለው ምርቱ የወይኑን ዘር ስም ይዞ ይወጣል፦ ቀዮቹ ሜርሎ፣ ሲራና ካበርኔ ሶቪኞን፣ ነጩ ሻርዶኔ። ለቅምሻ ይህ ትልቅ ነገር ነው። አገሩ አንድ፣ ፋብሪካው አንድ፣ የሚለየው ዘሩ ብቻ ስለሆነ ልዩነቱ ቶሎ ይያዛል። «አካሲያ» የሚለው ሌላው የካስቴል ምርት ደግሞ ደረቅም መካከለኛም ስላለው ሁለቱን ጎን ለጎን ለመቅመስ ይመቻል። ከአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ ጉደርና አክሱሚት አሉላችሁ። ጉደር ከጥሬ ሥጋ ጋር ስንት ዓመት የኖረ ቀይ ነው። አክሱሚት ጣፋጩ ነው።

እኔ ብዙ ጊዜ የምደረድረው እንዲህ ነው፦ ሻርዶኔ፣ ሜርሎ፣ ሲራ፣ ጉደር፣ አክሱሚት። መጨረሻ ላይ ጥሩ ጠጅ ከተገኘ በአንድ ብርሌ ለሁሉም እናዳርሳለን።

ስትገዙ የሱቁን መስኮት ተመልከቱ። ፀሐይ እየመታው ወራት የቆመ ጠርሙስ አትግዙ። ሙቀትና ብርሃን ወይን ይገድላሉ። ገበያው የሚንቀሳቀስ፣ ዕቃ ቶሎ ቶሎ የሚያልቅበት ሱቅ ይሻላል። ዕድሜው የገፋ ወይን ሁሉ ጥሩ ነው የሚባለውም በዚህ ዋጋ ለሚገዛ ወይን አይሠራም። በተለይ ነጩን አዲሱን ምረጡ።

ብርጭቆ

አፉ ጠበብ፣ ሆዱ ሰፋ ያለ ብርጭቆ ነው የሚፈለገው። ሆዱ ወይኑን ለማዞር ቦታ ይሰጣል፤ ጠባቡ አፍ ጠረኑን ሰብስቦ ወደ አፍንጫ ይልካል። ብርሌ ለዚህ አይሆንም። አንገቱ ስለሚጠብ ማዞርም ማሽተትም አይመችም። ለሰው አንድ አንድ ብርጭቆ ይበቃል፤ በየመሐሉ በትንሽ ውሃ ማለቅለቅ ነው። ከጎደላችሁ ለሠርግና ለልደት ዕቃ የሚያከራዩ ሰዎች ጋ በርካሽ ይገኛል።

ብፌ ውስጥ ተደርድሮ የከረመ ብርጭቆ የእንጨትና የአቧራ ሽታ ይይዛል። ጠዋት በሙቅ ውሃ እጠቡት። ሳሙናው በደንብ ይልቀቅ፣ በንጹሕ ጨርቅ ተወልውሎ አየር ላይ ይቆይ። ከዚያ ባዶውን ብርጭቆ አሽትቱ። ምንም ካልሸተተ ዝግጁ ነው።

የቡሽ መክፈቻ መኖሩን ከዋዜማው አረጋግጡ፤ እኔ አንዴ ስምንት ሰው አስቀምጬ ጎረቤት እያንኳኳሁ ፈልጌያለሁ። ቡሹ ተሰብሮ ከገባም አትጨነቁ። ወይኑን በሻይ ማጥለያ ወደ ንጹሕ ጆግ ገልብጡት።

ቅዝቃዜ

ነጭ ወይን ከ8 እስከ 12 ዲግሪ፣ ቀይ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ሲሆን ነው ራሱን የሚያሳየው። ነጩን ከሁለት ሦስት ሰዓት በፊት ፍሪጅ አስገቡትና ከመቀዳቱ 15 ደቂቃ በፊት አውጡት። በጣም ከቀዘቀዘ ጠረኑ ይዘጋል። ቀዩን ሰው ሁሉ «ሙቀቱ እንደ ቤቱ ይሁን» ይላል። በእኛ ከተማ ይህ ብዙም አያሳስትም። ግን በበጋ ከሰዓት ፀሐይ የሚገባበት ሳሎን ከሆነ ቀዩንም ለ15 ደቂቃ ፍሪጅ አሳዩት። ጣፋጩ ቀይ ቀዝቀዝ ሲል ይሻለዋል።

መብራት ጠፍቶ ፍሪጁ ካልሠራ ባልዲ ውስጥ በረዶ፣ ውሃና አንድ እፍኝ ጨው አድርጋችሁ ጠርሙሱን አስገቡ። ሃያ ደቂቃ አካባቢ ይበቃዋል። በረዶ ብቻውን ግን ቀርፋፋ ነው፤ ውሃው ነው ጠርሙሱን ዙሪያውን የሚይዘው።

የሽታ ጠረጴዛ

ይህን ክፍል አትዝለሉት። ምሽቱን ምሽት የሚያደርገው ይህ ነው።

ጀማሪ ሰው ወይን አሽትቶ «ወይን ወይን ይላል» ይላል። አፍንጫው ስላልሠራ አይደለም፤ ቃሉ ስላልመጣለት ነው። ስለዚህ ቃሉን ጠረጴዛ ላይ እናስቀምጥለት። ስምንት ወይም አስር የቡና ሲኒ ውሰዱ። በእያንዳንዱ አንድ ነገር አድርጉ፦ የተፈጨ ቁንዶ በርበሬ፣ ቅርንፉድ፣ ቀረፋ፣ የተቆረጠ ቃሪያ፣ የሎሚ ልጣጭ፣ ማር፣ ለጋ ቅቤ፣ እንጆሪ፣ የበሰለ ፕሪም፣ እርጥብ አፈር። ሲኒዎቹን በወረቀት ሸፍኑና ቁጥር ስጧቸው። እንግዶች ወይን ከመቀዳቱ በፊት ዓይናቸውን ጨፍነው እያሸተቱ ምን እንደሆነ ይገምቱ።

እነዚህ ነገሮች ዝም ብለው የተመረጡ አይደሉም። ሲራ ቁንዶ በርበሬ ቁንዶ በርበሬ የሚለው ሁለቱም ውስጥ ሮተንዶን የሚባል አንድ ውህድ ስላለ ነው። ካበርኔ አንዳንዴ ቃሪያ ቃሪያ ይላል፤ የቃሪያን ሽታ የሚሰጠው ፒራዚን የተባለው ውህድ ወይኑ ውስጥም አለ። ውስጡ በእሳት በተጠበሰ የኦክ እንጨት በርሜል ውስጥ የቆየ ወይን ቅርንፉድ ሊሸት ይችላል። አንዳንድ ሻርዶኔ ደግሞ ቅቤ ይላል። ሜርሎ ላይ ፕሪም ፈልጉ።

እዚህ ጋ የማይጠጡት ጓደኞቻችሁ ይነግሣሉ። ሽታ መለየት መጠጣት አይፈልግም። በእኔ ቤት ከሁሉ የተሻለው አፍንጫ አንድም ቀን ወይን ያልቀመሰች ጓደኛዬ ናት። ብርጭቆው መጀመሪያ ለእሷ ይዞራል። አሽትታ የምትናገረውን ጽፈን ነው የምንቀምሰው። አንዴ አንዱን ቀይ አሽትታ «የአያቴ ሳጥን» አለች። ቆዳ፣ የቆየ እንጨት፣ ትንሽ ቅመም። ሁላችንም ደግመን ስናሸተው ሳጥኑን አገኘነው።

ሰው እንደዚህ እንዲናገር ፍቀዱለት። «የጠላ ጋን»፣ «ዝናብ የነካው አፈር»፣ «የወይራ ጭስ» ትክክለኛ መልሶች ናቸው። መጽሐፍ ላይ ካለው «ብላክከራንት» ይልቅ ለእኛ የሚናገሩት እነዚህ ናቸው። ብላክከራንት ቀምሰን አናውቅም፤ የወይራ ጭስ ግን እናውቃለን።

አንድ ነገር ልጨምር። ከአምስት ሰው አንዱ ገደማ ያን የቁንዶ በርበሬ ውህድ ጨርሶ አይሸተውም። ተፈጥሮ ነው። ስለዚህ አንዱ «ቁንዶ በርበሬ» ሲል ሌላው «ምንም የለም» ቢል ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ክርክሩን አትፍረዱ።

ሦስት ብርጭቆ ለምላስ

አፍንጫው ከተፍታታ በኋላ አምስት ደቂቃ ለምላስ ስጡ። ሦስት ነገር አዘጋጁ፦ ያለ ስኳር የከረረ ሻይ፣ ሎሚ የተጨመቀበት ውሃ፣ ብርዝ። ሁሉም ከየዓይነቱ አንድ አንድ ጉንጭ ይቅመስ።

ሻዩ ድድና ምላስ ላይ ድርቅ፣ ጭምድድ የሚያደርግ ነገር ይተዋል። ያ ታኒን ነው። ወይን ውስጥ ከፍሬው ቆዳና ዘር ይመጣል፤ ቀይ ወይን ላይ የሚጎላውም ቀዩ ከነቆዳው ስለሚብላላ ነው። ሎሚው ምራቅ በጉንጭ ጎንና ጎን ያስመጣል። ያ አሲዱ ነው። ብርዙ ጣፋጭነት ነው። አሁን ማንኛውም እንግዳ ስለ ወይን ሦስት ነገር መናገር ይችላል፦ ምን ያህል ያደርቃል፣ ምን ያህል ምራቅ ያስመጣል፣ ምን ያህል ይጣፍጣል። ከዚህ የበለጠ ቃል ለመጀመሪያ ቀን አያስፈልግም።

የተረፈው ብርዝ ለማይጠጡት ይሁን። አልኮል የለውም፣ ከለስላሳ መጠጥም ይሻላል። ግን የዚያኑ ቀን የተበጠበጠ ይሁን፤ የቆየ ብርዝ መብላላት ይጀምራል።

መቅዳት

እዚህ ላይ ጠንከር በሉ። አንድ ጠርሙስ 750 ሚሊ ሊትር ነው። ለአንድ ሰው 50 ሚሊ ሊትር ቅዱ። ከቡና ሲኒ ያነሰ ነው። ብርጭቆው ሥር ላይ ትንሽ ሆኖ ይታያል፣ አስተናጋጅም ያሳፍራል። አይፈር። ብርጭቆው ባዶ ቦታ ከሌለው ወይኑ አይዞርም፣ ጠረኑም አይሰበሰብም። ስምንት ሰው በዚህ ልክ ሲቀዳለት 400 ሚሊ ሊትር ይሄዳል። 350 ደግሞ ለራት ይተርፋል።

«ጨምሩ»፣ «በሞቴ» በቅምሻ ሰዓት የለም። አምስት ወይን በ50 ሚሊ ሊትር ሲቀመስ 250 ሚሊ ሊትር ነው፤ ያም ሁለት ብርጭቆ አይሞላም። ሰው ንቁ ሆኖ አምስተኛውን የሚለየው በዚህ ነው።

የሚተፋም ይተፋል። እኛ ዘንድ ሰው ፊት መትፋት ነውር ስለሆነ ለእያንዳንዱ ሰው ውስጡ የማይታይ የወረቀት ኩባያ አስቀምጡ። መጀመሪያ እናንተ ትፉ። አስተናጋጁ ካደረገው ሌላው አያፍርም።

ጠርሙሶቹን በጋዜጣ ወይም በፎይል ጠቅልላችሁ ቁጥር ጻፉባቸው። ዋጋና ስም ካልታየ ሰው የሚያወራው ስለ ወይኑ ነው። ቅደም ተከተሉ ከነጭ ወደ ቀይ፣ ከቀላል ወደ ከባድ፣ ከደረቅ ወደ ጣፋጭ ይሁን። ጣፋጩን ካስቀደማችሁ ቀጥሎ የሚመጣው ደረቅ ኮምጣጤ ይመስላል።

መቅመስ

ብርጭቆውን በእግሩ ያዙ። ነጭ ወረቀት ላይ ዘንበል አድርጋችሁ ቀለሙን እዩ። ሳታዞሩት አንዴ አሽትቱ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ሁለት ሦስት ጊዜ አዙሩትና ደግማችሁ አሽትቱ። ሁለተኛው ሽታ ከመጀመሪያው ሲለይ የሚሰማው ደስታ ልዩ ነው።

አሁን ፉት በሉ። ወዲያው አትዋጡት። ቡና ቀማሾች ሲቀምሱ ሰምታችሁ ታውቁ ይሆናል፤ ድምፅ እያሰሙ ከአየር ጋር ነው የሚስቡት። ወይንም እንደዚያ ነው። አየሩ ጠረኑን ከጉሮሮ በኩል ወደ አፍንጫ ያወጣዋል። ድምፁ ያሳቅቃል፤ አንዴ ሁሉም አብሮ ካደረገው ግን ይለመዳል። ከዋጣችሁ ወይም ከተፋችሁ በኋላ ዝም ብላችሁ ጠብቁ። ጣዕሙ አፍ ውስጥ ስንት ጊዜ ይቆያል? ቶሎ ጠፋ ወይስ አልለቅ አለ?

ለሁሉም ወረቀትና እስክሪብቶ ስጡ። ሦስት ጥያቄ ብቻ ይጻፍበት፦ ምን ሸተተኝ? አፌ ውስጥ ምን አደረገ? ደግሜ እቀዳለሁ ወይ? ከመቶ ነጥብ አታሰጡ። ነጥብ ሲመጣ ሰው መፎካከር ይጀምራል። ሁሉም ጽፎ ሳይጨርስ ማንም አይናገር፤ አንዱ «እንጆሪ!» ካለ ሁሉም እንጆሪ ነው የሚሸተው።

በየመሐሉ ውሃና ተራ ዳቦ ይቀመጥ። ድፎ ዳቦ እወዳለሁ፤ ነገር ግን ጥቁር አዝሙድና የኮባ ቅጠል ያለበት ለዚህ አይሆንም። ጨው የሌለው የገብስ ቆሎ ይሆናል።

አንድ ጠርሙስ እርጥብ ካርቶን ወይም የሻገተ ምድር ቤት ከሸተተ ቡሹ አበላሽቶታል። ለጤና ችግር የለውም፤ ደስታ ግን አይሰጥም። አዙራችሁ አሽትቱት፣ ሽታውን ልመዱት፣ ከዚያ ወደ ጎን አድርጉት።

በነገራችን ላይ ወይን በኮካ ወይም በስፕራይት የሚወድ ጓደኛ አይጠፋም። አትገሥጹት። መጀመሪያ ብቻውን ይቅመስ፣ ለራት ሲሆን እንደወደደው ይቀላቅል።

ራት

ወጡ ከዋዜማው ወይም ጠዋት ይሠራ። ከሰዓት ሽንኩርት ከተቁላላ ቅምሻው የለም። ቅምሻው ሲያልቅ ማሞቅ ብቻ ይቀራል። ጥብሱ ግን ትኩስ ይሁን፤ የዚያን ጊዜ ሽታው አይጎዳም።

በርበሬና ወይን አስቸጋሪ ጥንዶች ናቸው። አልኮል የበርበሬን ማቃጠል ያብሳል። ታኒኑም ከበርበሬ ጋር ሻካራ ይሆናል። ዶሮ ወጥ በጠንካራ ደረቅ ቀይ ሞክራችሁ ሁለቱም ካልጣሟችሁ ምክንያቱ ይህ ነው። ለበርበሬ ጣፋጭና ቀዝቀዝ ያለ ያስፈልጋል። አክሱሚትን ከፍሪጅ አውጥታችሁ ከዶሮ ወጥ ጋር ሞክሩት። አባቶቻችን ወጡን በጠጅ ያወራረዱት በከንቱ አይደለም።

ሥጋ ሌላ ነው። ስቡና ጨው ታኒኑን ያለሰልሱታል። የጥብስ ቅጠል የገባበት የበግ ጥብስ ከሲራ ጋር ሲሄድ እኔ ከዚህ የተሻለ አላውቅም። አንድ ቀን በቅምሻው ሰዓት ሁሉም «ያደርቃል» ብሎ መጨረሻ ያስቀመጠው ቀይ ነበር። ጥብሱ ሲቀርብ ቀድሞ ባዶ የሆነው ጠርሙስ እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ ሰው ወረቀቱን ከራት በፊት እንዳይዘጋ አደርጋለሁ፤ ያንኑ ወይን ከምግብ ጋር ደግሞ ቀምሶ አዲስ መስመር ይጽፋል። ጽሑፉ የሚለወጥበትን ማየት ከቅምሻው እኩል ያስደስተኛል።

አይብ ከነጩ ጋር ይሄዳል። ክትፎ ከሆነ ሚጥሚጣውን ቀንሱ። የእንጀራው መኮምጠጥ አሲድ የበዛበትን ወይን ያለዝበዋል፤ ስለዚህ አፍ ላይ ጎምዘዝ ያለውን ነጭ በእንጀራ እንደገና ሞክሩት። ለሚጾም እንግዳ ምስር አልጫና ጎመን አይቅር።

ከራት በኋላ ጠርሙሶቹ ይገለጡ። ጋዜጣው ሲቀደድ ያለው ጩኸት ለብቻው ነው።

ቡናው

አሁን ዕጣኑ ይጨስ። ቡናው ይቆላ። ማሽተት የሚፈለገው ነገር ሁሉ አልቋል፣ ቤቱም እንደ ቤት ይሽተት። ሦስቱም ዙር ይጠጣ፤ ግን ቡና ስካር አያበርድም። ጊዜ ብቻ ነው የሚያበርደው። መኪና ይዞ የመጣ መኪናውን እናንተ ጋ ያሳድር። በስልክ የሚጠራ ታክሲ 3 ሰዓት ላይ በቀላሉ ይገኛል፤ በጣም ካመሸ ዋጋውም ጥበቃውም ይጨምራል። ብቻዋን የምትሄድ ካለች ቤቷ መግባቷን ሳትደውሉ አትተኙ።

የተረፈውን ወይን ቡሹን መልሳችሁ ፍሪጅ ውስጥ አቁሙት፤ ቀዩንም። ጠርሙሱ ላይ ቀኑን ጻፉ። ሦስት አራት ቀን ይቆያል። ከዚያ ቀዩ ለጥብስ ይሆናል፤ ሥጋው ውሃውን ጨርሶ መጥበስ ሲጀምር ግማሽ ሲኒ ጨምሩበትና እስኪመጥ በትልቅ እሳት አማስሉት።